ሳይፈተልና ሳይሸመን፦ በሙቀት የሚቀረጸው አዲሱ ፌልትና የደጋው በግ ጠጉር

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በክምር ድንጋይ በኩል፣ የጉናን ተራራ ግርጌ ይዞ ወደ ላይ ጋይንት የሚጓዝ መንገደኛ፣ ነፋስ መውጫ የምትባለው ከተማ ስሟ በከንቱ እንዳልወጣላት ለመረዳት ከመኪናው መውረድ ብቻ ይበቃዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ጉና ራሱ ከ4 ሺህ 100 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከዚህ ከፍታ ላይ ምድሪቱ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ በኩል እየተቆራረጠች እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆዎች ድረስ ታዘቀዝቃለች። በእንዲህ ያለ አገር የሌሊቱን ብርድ የሚቋቋም ልብስ ቅንጦት አይደለም። የደጋው ሰውም ለዘመናት መልሱን ያገኘው ከበጉ ጀርባ ነው። ባናው፣ ዝተቱ፣ በርኖሱና ማቁ ሁሉ ከበግ ጠጉር የሚገኙ ናቸው።

ዛሬ ግን ከውጭ የሚገባው ቀላልና ርካሽ ሰው ሠራሽ ብርድ ልብስ ባናውን ከመኝታ ላይ እያስነሣው ነው። ባና ካልተሠራ በጉን የሚሸልት አይኖርም፤ የታረደው በግ ጠጉርም ከቆዳው ጋር ይሄዳል፣ አለዚያም ይጣላል። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚህ አሳሳቢ ጉዳይና ከአንዲት ተራ አጋጣሚ ነው። ከውጭ አገር የተመለሰ አንድ ወዳጄ ለእጅ ሥራ የሚያገለግል፣ ሲሞቅ እንደ ልብ የሚታጠፍ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ የሚቀር አዲስ ዓይነት ፌልት ሁለት ገጽ አምጥቶ ሰጠኝ። በእንዲህ ያለው ጨርቅ ቅርጫት፣ የመብራት ሽፋን፣ ጭምብልና የቦርሳ መደብ ይሠሩበታል። በእጄ ይዤ ሳገላብጠው አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ይህን የሚመስል ነገር ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ በግ ጠጉር መሥራት አይቻልምን? ጥያቄውን ለመመለስ አስቀድሞ ፌልት ምን እንደሆነ ማወቅ ያሻል።

ጨርቅ ያለ ድርና ማግ

በአገራችን ጨርቅ ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው እንዝርት፣ ድር፣ ማግና መወርወሪያ ነው። ፌልት ግን አይፈተልም፤ አይሸመንምም። የተነደፈ የእንስሳ ጠጉር ተነጥፎ፣ በሙቅ ውኃና በሳሙና ርሶ፣ ሲታሽና ሲረገጥ እርስ በርሱ ተቆላልፎ የሚሆነው ጥቅጥቅ ያለ ንጣፍ ነው። ከሽመና ሳይቀድም እንዳልቀረ የሚገምቱ አሉ። በሳይቤሪያ አልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ በተባለው ሥፍራ፣ በበረዶ ውስጥ ተጠብቀው ከተገኙት ከ2 ሺህ 200 ዓመታት በላይ ዕድሜ ያላቸው መቃብሮች በፌልት የተሠሩ ያማሩ ግድግዳ መሸፈኛዎችና የፈረስ ዕቃዎች ወጥተዋል። የሞንጎሊያ ዘላን ሕዝብ ዛሬም ድረስ ተንቀሳቃሽ ቤቱን የሚሸፍነው በፌልት ነው።

እኛ ዘንድ ፌልት በራሱ መልክ ገንኖ አልታየም። ይሁን እንጂ የአሠራሩን ምሥጢር ደጋው አያውቀውም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም በየባናው ውስጥ አለ። ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

የገብስ ዛላ በእጅጌ ውስጥ

በደጋ ያደገ አንባቢ ይህን የልጅነት ጨዋታ ሳያስታውስ አይቀርም። የገብስ ዛላ ተቆርጦ፣ ጢሙ ወደ ታች እንዲያመለክት ሆኖ በእጅጌ ውስጥ ይገባል። ከዚያም እጅ እየተወዛወዘ ሲሮጥ ዛላው በራሱ ወደ ላይ እየወጣ ብብት ይደርሳል። ዛላው ሕይወት ኖሮት አይደለም። በጢሙ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጥርሶች ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ ናቸው። በመሆኑም በአንዱ አቅጣጫ ሲገፋ ይንሸራተታል፤ በሌላው አቅጣጫ ሲገፋ ግን ጨርቁን ነክሶ ይይዛል። የእጁ እንቅስቃሴ ወዲያና ወዲህ ቢሆንም የዛላው ጉዞ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው።

የበግ ጠጉርም በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ዘለላ በቤት ክዳን ላይ እንደ ተደራረበ ሣር በቅርፊቶች የተሸፈነ ሲሆን፣ የቅርፊቶቹ ጫፍ ከሥሩ ወደ ጫፉ ያዘነብላል። ስለዚህ ጠጉሩ ወደ ሥሩ አቅጣጫ መጓዝ ይቀልለዋል፤ ወደ ኋላ መመለስ ግን ይከብደዋል። በሺህ የሚቆጠሩ ዘለላዎች በአንድነት ሲታሹ እያንዳንዱ ወደ ፊት ብቻ እየተጓዘ በጎረቤቶቹ መካከል ይሽሎከሎካል፤ ይጠላለፋል። ንጣፉም እየጠበበና እየወፈረ ይሄዳል። ጥጥ ይህ ቅርፊት ስለሌለው የቱንም ያህል ቢታሽ ፌልት አይሆንም። ሸማ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ሳይበላሽ፣ የሱፍ ሹራብ ግን በሙቅ ውኃ ታጥቦ የሕፃን ልብስ የሚያህልበት ምክንያት ይኸው ነው።

ታዲያ ውኃውና ሙቀቱ ለምን ያስፈልጋሉ? ጠጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። የኬራቲን ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው የተያያዙት በሁለት ዓይነት ማሰሪያ ነው ብለን ነገሩን ልናቃልለው እንችላለን። አንደኛው የድኝ ማሰሪያ ሲሆን ጠንካራና በውኃ የማይፈታ ነው። ሁለተኛው የሃይድሮጂን ማሰሪያ ሲሆን፣ ደካማና ውኃ ሲገባበት የሚለቅቅ ነው። ጠጉር ከአየር እርጥበት የክብደቱን ሲሶ ያህል እንኳ ጠጥቶ ለእጅ እርጥብ መስሎ ላይሰማ ይችላል። ይህን ያህል የውኃ ወዳጅ ነው። ሲርስና ሲሞቅ ደካሞቹ ማሰሪያዎች ይለቅቃሉ፤ ጠጉሩም ይለሰልሳል፤ እንደ ልብ ይታጠፋል። ሲደርቅ ደግሞ ማሰሪያዎቹ ባሉበት አዲስ አቀማመጥ ተመልሰው ይታሰራሉ። ባርኔጣ ሠሪዎች ፌልቱን በእንፋሎት አርሰው በእንጨት ቅርጽ ላይ የሚወጥሩትና የሚያደርቁት ይህን ተንተርሰው ነው። እንግዲህ የበግ ጠጉር ፌልት ራሱ፣ ምንም ሳይጨመርበት፣ የሚቀረጽ ጨርቅ ነው ማለት ነው።

ባናው ለምን ይረገጣል?

ከላይ ያቋረጥነውን ነጥብ እንቀጥል። ሴቶቹ የፈተሉትን ጠጉር ሸማኔው ሸምኖ ሲጨርስ ባናው ገና ባና አልሆነም። ሳሳ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጨርቅ ነው። በውኃ እየራሰ በእግር ከተረገጠና ከታሸ በኋላ ግን ድሩና ማጉ እስከማይለዩ ድረስ ይጠቀጠቃል፤ ይጠብባል፤ ነፋስም ዝናብም የማያሳልፍ ይሆናል። ይህ ሥራ ከፌልት ሥራ በሳይንሱ የሚለይበት ነገር የለም። የጎደለው አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ እርሱም መፍተሉንና መሸመኑን ትቶ የተነደፈውን ጠጉር በቀጥታ መርገጥ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሸማኔንና ሸክላ ሠሪን ዝቅ አድርጎ ማየት የተለመደ ስለነበር ይህን ዕውቀት ከባለሙያው ቀርቦ የጠየቀና የጻፈ ብዙ አልነበረም። በዚህም የተጎዳነው እኛው ነን።

አዲሱ ፌልት

ወዳጄ ያመጣው ጨርቅ ከሩቅ ሲታይ የሱፍ ፌልት ይመስላል፤ የሚሠራው ግን በሌላ ሕግ ነው። ከፕላስቲክ ወገን ከሆነው ከፖሊስተር የተሠራ ክር ይበዛበታል። ከክሮቹ ገሚሱ እንደ ሻማና እንደ ክሩ፣ ውስጡና ልባሱ የተለያየ ነው። ውስጡ ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልሞቀ አይቀልጥም፤ ልባሱ ግን በ110 ዲግሪ ገደማ ይለሰልሳል። ጨርቁ በካውያ ወይም በሙቅ አየር ሲሞቅ ልባሱ ቀልጦ ክሮቹን በተገናኙበት ነጥብ ሁሉ ያጣብቃቸዋል፤ ውስጡ ሳይቀልጥ ቅርጹን ይሸከማል። ሲቀዘቅዝ ልባሱ ይጠነክራል። ፖሊስተር ቅርፊት ስለሌለው በማሸት አይቆላለፍም። ስለዚህ በፋብሪካ ባለ ኩርንችት መርፌዎች በብዛት እየወጉት ነው የሚጠቀጥቁት። በአጭሩ፣ የበጉን ጠጉር የሚያስረው ውኃና መድረቅ ሲሆን፣ ይህን የሚያስረው መቅለጥና መቀዝቀዝ ነው።

ሙከራው

ሙከራዬን የማቀርበው ማንም አንባቢ በቤቱ ሊደግመው በሚችለው መጠን ነው። ከደጋው የመጣ ያልታጠበ ሽልት 300 ግራም ወሰድሁ። ጭቃውን፣ ጭራሮውንና አደሩን ለቅሜ፣ ለብ ባለ ውኃ ሳላሽ ሦስት ጊዜ ነክሬ ሳደርቀው 210 ግራም ቀረኝ። በጥጥ መንደፊያ ደጋን ነድፌ ባዘቶ የመሰለ አደረግሁት። ከውስጡ ደረቅና ወፍራም የሆኑ ጭገሮችን ለቅሞ ማውጣት ያሰለቻል፤ ነገር ግን አስፈላጊ ነው፤ እንዲህ ያለው ጭገር ስለማይቆላለፍ ፌልቱን ያሻክረዋል።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። ብልጠት መስሎኝ የዱቄት ሳሙና አብዝቼ ነበር። አረፋው በክሮቹ መካከል ገብቶ እንደ ትራስ ስለለያያቸው ንጣፉ ከአንድ ሰዓት እሽት በኋላ በእጄ ላይ ተበታተነ። ሳሙና ጠጉሩን እንዲያረጥብና እንዲያንሸራትት ብቻ ነው የሚፈለገው።

ለሁለተኛው ሙከራ እንዶድ መረጥሁ። እንዶድ ሸማ ሲታጠብበት የኖረ የአገራችን ሳሙና ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ወንዝ ዳር እናቶች ልብስ በሚያጥቡበት ሥፍራ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ለቢልሃርዚያ መከላከያ እንደሚሆን የደረሱበት ተክል መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ጠጉርን ለማርጠብ በቂ ነው። በተቃራኒው የአመድ ውኃ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይመከርም። ብርቱ አልካሊ ጠጉርን ይበላል፤ በፈላ የኮስቲክ ሶዳ ውኃ ውስጥማ ጠጉር ጨርሶ ይሟሟል።

ባዘቶውን በአራት ንብርብር፣ እያንዳንዱ ንብርብር ከሥሩ ካለው ጋር መስቀለኛ እንዲሆን አድርጌ፣ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር በሆነ ስፋት አነጠፍሁት። በላዩ ሞቅ ያለ የእንዶድ ውኃ ረጭቼ፣ በቀጭን ጨርቅ ሸፍኜ፣ መጀመሪያ በመዳፍ በቀስታ፣ ቆይቶም በሰሌን ጠቅልዬ እያንከባለልሁ አሸሁት። በየጊዜው አቅጣጫውን መለወጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ በአንድ ወገን ብቻ ይጠብባል። ከአንድ ሰዓት በላይ ከደከምሁ በኋላ 30 በ29 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ስፋቱ ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል፤ ውፍረቱ ግን ጨምሯል። በጣት ቆንጥጦ አንድ ዘለላ ብቻ ለመምዘዝ ሲሞከር መላው ንጣፍ አብሮ ከተነሣ ፌልቱ በስሏል።

ከዚህ በኋላ ንጣፉን 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆኑ አራት ቁራጮች ከፈልሁት። አንዱን ለእሳት ፈተና አስቀምጬ ሦስቱን በተደፋ ሲኒ ላይ ወጥሬ በሲባጎ አሰርኋቸው። የመጀመሪያው በውኃ ብቻ የራሰ ነው። ሁለተኛው በተልባ ልጋግ ተነከረ፤ ይህም አንድ እጅ ተልባ በአሥር እጅ ውኃ አፍልቶ ትኩስ እንዳለ በጨርቅ በማጥለል የሚገኝ ነው። ሦስተኛው በውኃ በሟሟ የግራር ሙጫ ተነከረ። ከወዳጄ ጨርቅም በተመሳሳይ ልክ ቆርጬ፣ ካውያውን «ሱፍ» በሚለው መጠን ላይ አድርጌ፣ በእርጥብ ጨርቅ ላይ አሙቄ በአራተኛ ሲኒ ላይ ወጠርሁት። ይህኛው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ቅርጹን ያዘ። የጠጉሩ ወገን ግን በጥላ ለመድረቅ ሁለት ቀን ፈጀበት። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ድሉ የአዲሱ ፌልት ነበር።

ሲኒዎቹ ሲወጡ ያለ ማጠንከሪያ የደረቀው ቅርጹን ይዟል፤ በጣት ሲጫኑት ግን ይታጠፋል። የተልባው እንደ ቀጭን ቆዳ ጠንክሯል። የሙጫው ከሁሉ የጠነከረ ቢሆንም ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። የፖሊስተሩ ሲጫኑት ተመልሶ ይነሣል። ሁሉንም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ስንከር የተልባውና የሙጫው በደቂቃዎች ውስጥ ላሉ፤ ሁለቱም ማጠንከሪያዎች በውኃ የሚሟሙ ስለሆኑ ይህ የሚጠበቅ ነው። ፖሊስተሩ ምንም አልሆነም። የተልባውን እንደገና በሲኒው ላይ አድርቄ የቀለጠ ሰም ብቀባው ግን ውኃው እየተንከባለለ ይወርድበት ጀመር። ሰም በ63 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ለትኩስ ነገር አይሆንም፤ ለቅርጫት፣ ለባርኔጣና ለመነጽር ቤት ግን ይበቃል።

በመጨረሻ የፈላ ውኃና እሳት መጡ። የፈላ ውኃ ሲፈስበት የፖሊስተሩ ሲኒ ተጨማደደና ወደ ጎን ዘነበለ፤ ለመቀረጽ የረዳው ጠባይ ራሱ ለመፍረሱ ምክንያት ሆነ። ከቤት ውጭ ደግሞ ከሁለቱም ዓይነት በቁራጭ በቁራጭ በፍም ላይ አስነካሁ። የበጉ ጠጉር የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ፤ ጠቆረ፤ ከፍሙ ሲነሣም ወዲያው ጠፋ። ፖሊስተሩ ቀልጦ ተንጠባጠበ። የቀለጠ ፕላስቲክ በቆዳ ላይ ሲያርፍ ተጣብቆ ይቀራል። ምድጃው በቤቱ መካከል በሆነበት፣ ሕፃናት በእሳት ዙሪያ በሚተኙበት የገጠር ቤት ይህ ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም። ለድስት ማውረጃ፣ ለነጠላ ጫማ መደብና ለመኝታ ንጣፍ የበጉን ጠጉር የሚተካ አይመስለኝም። ለመድረክ ጭምብልና ዝናብ ለሚያገኘው ዕቃ ግን አዲሱ ፌልት ይሻላል፤ ይህን መካድ አይገባም።

ሊዘለሉ የማይገባቸው ጥንቃቄዎች

ስለ ፌልት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት አሳዛኝ ምዕራፍ አለ። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓና በአሜሪካ የባርኔጣ ፋብሪካዎች የጥንቸልንና የቢቨርን ጠጉር ለማቆላለፍ እንዲመች በሜርኩሪ ጨው ያክሙት ነበር። በጢሱም ሠራተኞቹ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ አእምሯቸው ይታወክ ነበር። አሜሪካ ይህን አሠራር የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1941 መጨረሻ ነው። የበግ ጠጉር እንዲህ ያለ መድኃኒት አያስፈልገውም፤ ማንም ቢያቀርብ አይቀበሉት።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው አደጋ ግን አባ ሰንጋ ነው። የዚህ በሽታ ባክቴሪያ የሚያፈራው ዘር በጠጉርና በቆዳ ላይ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ለብ ያለ የሳሙና ውኃም አይገድለውም። እ.ኤ.አ. በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር በብራድፎርድ ከተማ የሱፍ መራጮች ሕመም እየተባለ ብዙ ሠራተኛ የገደለው በትንፋሽ የሚገባው ይኸው አባ ሰንጋ ነበር። ስለዚህ ጠጉሩ የሚወሰደው ከጤነኛ፣ በሕይወት ካለ በግ ተሸልቶ ብቻ መሆን አለበት። ታሞ ከሞተ እንስሳ የተነጨ ጠጉር ቢታጠብም አይነካ። ሲነደፍም አፍንጫና አፍን መሸፈን፣ በነፋሻ ሥፍራ መሥራት ይገባል። በጉም በክረምት ዝናብና ብርድ ቢሸለት ለሳንባ ምች ስለሚጋለጥ ጊዜው ከዝናብ በኋላ፣ ሙቀት ሲመጣ ነው። የእንዶዱን እጣቢ ወደ ወንዝ አያፍስሱ፤ ቀንድ አውጣን የሚገድለው ሳፖኒን ዓሣንም ይገድላል።

የማን ጠጉር?

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት የአማራ ክልል ወረዳዎች መካከል የጋይንትና የስማዳ ወረዳዎች ይገኙበታል። መሬቱ ተሸርሽሮ፣ ዝናቡ ተዛብቶ፣ ማሳው ለወጣቱ ሳይበቃ በቀረበት አገር፣ ከበጉ ሥጋና ቆዳ ሌላ ሦስተኛ ገቢ ማግኘት ከቻለ ነገሩ የእጅ ሥራ ጨዋታ ብቻ አይሆንም። ከውጭ የሚመጣው ፖሊስተር በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ጠጉሩ፣ እንዶዱ፣ ተልባውና ሰሙ ግን ከዚያው ገበያ የሚገኙ ናቸው። ቀድሞ በደብረ ብርሃን በኩል አዋሲና ኮሪዴል የተባሉ የውጭ የበግ ዝርያዎችን ከአገር በግ ጋር ማዳቀል ሲሞከር የጠጉር ነገርም ይታሰብ እንደነበር ይታወቃል። ለፌልት ግን ነጭና ረዥም ጠጉር የግድ አይደለም። የደጋው በግ ከላይ ካለው ሻካራ ጭገር ሥር የሚያበቅለው ለስላሳ ውስጠኛ ጠጉር ለሥራው ይበቃል፤ ጥቁሩ፣ ቡናማውና ዳማው ቀለምም ያለ ማቅለሚያ ያገለግላል።

ሁሉም በግ ግን አንድ አይደለም። በጉና አቀበት የሚሰማራው በግ ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ሲሆን፣ ወደ በሽሎ ቆላ በወረዱ ቁጥር በጉ እንደ ፍየል አጭርና ቀጥ ያለ ጭገር ይኖረዋል። የትኛው እንደሚሆን ለመለየት ቤተ ሙከራ አያሻም። በሁለት ጣት የሚያዝ የታጠበ ጠጉር ይውሰዱ፤ ሞቅ ባለ የእንዶድ ውኃ አርሰው በሁለት መዳፍዎ መካከል እንደ ጭብጦ ለአምስት ደቂቃ ያሽከርክሩት። እየጠነከረ ኳስ ከሆነና መሬት ላይ ሲወረውሩት ሳይበታተን ከነጠረ ጠጉሩን ይግዙት። ከተፈረካከሰ ግን ለገመድ እንጂ ለፌልት አይሆንም።